ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር፦ ቮልሴ ከ15 ወር በኋላ

ሐምሌ 2015 አንድ ማታ ከፒያሳ ወደ ሱሉልታ ስመለስ እንጦጦ ዳገት ላይ ዝናብና ጉም ያዘኝ። ከፊት ከባድ መኪና ተበላሽቶ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። የፊት መብራት በርቷል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይሠራል፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይነካ፣ ይዞራል። ጥቂት ቆይቶ መጥረጊያው መስተዋቱ መሐል ላይ መዘግየት ጀመረ፤ መብራቱ ደከመና ሻማ መሰለ። ከዚያ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ ያለው፣ ባትሪ አለመሞላቱን የሚናገረው ቀይ መብራት በራ። ሞተሩም ጠፋ። ሁለት ወጣቶች ከታክሲ ወርደው ወደ ዳር ገፉልኝ፤ ጎረቤቴ በፒክአፑ ጎትቶ ቤት ሲያደርሰኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል ቮልስዋገን ናት። አባቴ የነዷት፣ እኔም መንዳት የተማርኩባት። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችኝን ጠብቄ መያዝ ግዴታዬ ሆኗል። ይህን የምጽፈው ለጌጥ ሳይሆን በየቀኑ ለሚነዷት፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ብለው ለሚኖሩ ባለ ቮልሶች ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። ዲናሞም አልተርኔተርም በሞተሩ እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩና ባትሪ የሚሞሉ ናቸው፤ እኛ አገር ሁለቱንም ዲናሞ እንላቸዋለን። እዚህ ዲናሞ ስል መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችውን፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው) ለብቻው ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠውን ማለቴ ነው። አልተርኔተር የምለው አሁን ያስገባሁትን ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት መቀየር ሳይሆን ማስጠገን ነው፤ በዚህም አልጸጸትም። ሶማሌ ተራ አካባቢ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመኪና ኤሌክትሪክ ያሳለፉ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ባለሙያ አሉ። ዲናሞውን ከመፍታታቸው በፊት ቺንጋውን (የሚያዞረውን ቀበቶ) አወለቁ፤ ዲኤፍ የሚባለውን ጫፍ ከቦዲ፣ ዲ ፕላሱን (ከረንቱ የሚወጣበትን ጫፍ) ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ጤነኛ ዲናሞ እንዲህ ሲደረግ እንደ ሞተር ራሱን ችሎ ይዞራል። የእኔው እያነከሰ ትንሽ ዞረና ቆመ። ሲፈታ ካርቦኖቹ አልቀዋል፣ ኮሌክተሩ (ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ክፍል) ተቦርብሯል፣ የኋላው ኩሽኔታ ይንኳኳል። ኮሌክተሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፣ በመዳቦቹ መካከል ያለው መከላከያ ዝቅ ተደርጎ ተፋቀ፣ ካርቦንና ኩሽኔታ ተቀየረ። ሲገጠም ቀን ላይ 13.8 ቮልት ይሰጥ ጀመር። ደስ አለኝ።

ማታ ግን ያው ነው። ነሐሴንና መስከረምን በተጠገነው ዲናሞ ነድቼ የተረዳሁት ጥገናው ጉድለት እንደሌለበት ነው፤ ጉድለቱ ከአሠራሩ ነው። ይህ ዲናሞ ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር እስከ 30 አምፔር ይሰጣል፤ በሚኒሞ ሲሆን ግን መኪናዋ ከባትሪው ትበላለች እንጂ ዲናሞው አይሞላም። ሁለቱ ባለ 55 ዋት የፊት አምፖሎች ብቻቸውን 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ መጥረጊያው፣ የኋላ መብራቱና ኮይሉ ሲጨመር ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት። ይህ ሁሉ ዳገት ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከባትሪው ብቻ ይጠጣል። መኪናዋ ስትሠራ የእንጦጦን የማታ ሰልፍ ማን አሰበው።

ጥቅምት 2016 ላይ ባለ 55 አምፔር አዲስ አልተርኔተር ገዛሁ፤ ሬጉሌተሩ ውስጡ ያለ ነው። 18,500 ብር። ያኔ የምንዛሪው ለውጥ ገና አልመጣም ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ አትጠብቁት። ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ዲናሞው የሚቀመጥበት እግር ለአልተርኔተሩ አይሆንም፣ የማራገቢያው ጀርባ ሳህንም አብሮት መቀየር አለበት። ሻጩ እነዚህን አልነገረኝም፤ እግሩን ለብቻ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የቮልስ ነገር ከሌላ መኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የታሰረው በዲናሞው አክስል ላይ ነው። ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም። ስለዚህ ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪ መሙላት ብቻ ሳይሆን ሞተር መቀዝቀዝም ይቆማል። ቀዩ መብራት እየነዳችሁ በደንብ ከበራ «ቤት እስክደርስ ይበቃኛል» አይባልም፤ ወዲያው ቆሞ ሞተር ማጥፋት ነው። ጋሼ ሲገጥሙ በማራገቢያውና በሽፋኑ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን በየአቅጣጫው ለኩ፣ የጀርባ ሳህኑ ቀዳዳ ወደ ታች መዞሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። ይህን የሚዘል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ሽቦው ላይ አሮጌው ሬጉሌተር ከሥራ ውጭ ይሆናል። ብዙዎች የድሮውን ቀይ ሽቦ እዚያው ቀጥለው ይጠቀሙበታል። ጋሼ እሺ አላሉም፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሽቦ ይህን ሁሉ አምፔር መሸከም የለበትም ብለው ባለ 10 ስኩዌር አዲስ ሽቦ እስከ ባትሪው ዘረጉ።

ሞተሩ ተነሣ፣ ቴስተር አስገባን፤ 12.3 ቮልት። ምንም አይሞላም! አልተርኔተሩ ከሳጥኑ የወጣው የዚያኑ ቀን ነው። እኔ ዕቃው ተበላሽቶ መጣ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጋሼ ክሩስኮቱን አዩና «ልጄ፣ የድሮዋን አምፖል የት አደረግሃት?» አሉኝ። ለካ ከዓመት በፊት የክሩስኮቱን አምፖሎች ሁሉ በኤልኢዲ ቀይሬያቸው ነበር። ዲናሞ በብረቱ ውስጥ የሚቀር ማግኔት ስላለው ያለ ቀዩ መብራት አምፖልም ይነሣል፤ አልተርኔተር ግን ለመንቃት በዚያች አምፖል በኩል የሚመጣ ትንሽ ከረንት ይፈልጋል፤ ኤልኢዲ ደግሞ የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ነው። የክር አምፖሏ ስትመለስ ቴስተሩ 14.1 ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቻለሁ። አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል። መብራትና መጥረጊያ በርቶ፣ በሚኒሞ፣ ሰልፍ ውስጥ 13.4 ቮልት አያለሁ፤ በፊት በዚያው ሁኔታ 11.9 ነበር። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ሱሉልታ ውስጥ ሣሩ ላይ ውርጭ ሲቀመጥ ሞተሪኖው ሳያቃስት ያስነሣል። ከዚህ በፊት ባትሪ በየዓመቱ ነበር የምገዛው፤ አሁን ያለችው ከአልተርኔተሩ በፊት የተገዛችው ናት። ዳገት ላይ ጉልበት ቀነሰ ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ፤ እኔ ልዩነት አላየሁም።

ችግር አልነበረም አልልም። በመጀመሪያው ወር ከአዲሱ እግር ሥር ዘይት ይንጠባጠብ ነበር፤ ጋስኬቱ ተጣሞ ተቀምጦ ነው። በሦስተኛው ወር ጠዋት ጠዋት ፉጨት መጣ፤ ቺንጋው ላልቶ ነበር። ቮልስ ላይ ቺንጋ የሚጠበቀው በፑሌጅያው ሁለት ግማሾች መካከል ካሉት ሮንዴላዎች አንዱን አውጥቶ ከዳዶው ሥር በማስገባት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታውን ይገድላል። በሰባተኛው ወር ደግሞ ቀዩ መብራት ማታ ማታ በስሱ መብራት ጀመረ። አልተርኔተሩን ጠረጠርን፤ ጥፋቱ ግን ካምቢዮውን ከቦዲ ጋር የሚያገናኘው የተሸረበ ሽቦ ዝገት ነበር። ተፋቀ፣ ተጠበቀ፣ መብራቱም ጠፋ።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ጋራዥ ውስጥ «ይሞላል ወይ?» ለማለት ሞተሩ እየዞረ የባትሪውን ገመድ የሚነቅሉ አሉ። አልተርኔተር ላይ ይህ ሲደረግ ቮልቴጁ በአንዴ ይዘልና ውስጡ ያሉትን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። እጃቸው ወደ ባትሪው ሲሄድ ካያችሁ አስቁሟቸው፤ ቴስተር ይጠቀሙ።

አልተርኔተሩ የሚያሳጣውም አለ። ዲናሞ መንገድ ዳር ካርቦን ቀይረው ይጠግኑታል፤ ይኼ ውስጡ ከተቃጠለ እዚያው የሚደረግ ነገር የለም። መኪናዋን እንዳለች፣ በፋብሪካ መልኳ ማቆየት ለሚፈልግ፣ እሁድ እሁድ በቀን ብርሃን ለሚያወጣት ሰው የድሮውን በደንብ አስጠግኖ መጠቀም ይበልጥበታል። ገንዘቡም ከሩብ አይበልጥም። እኔ ግን በማታና በዝናብ የምነዳ ነኝና ወደ ኋላ አልመለስም።

የተጠገነው ዲናሞ አልተሸጠም። በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ስድስት ወር አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ሰበታ ላለው የአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። የእሱ ቮልስ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስ ናት። ባለፈው ሳምንት ሲደውልልኝ ቀዩ መብራት ገና ጋዝ ሲነካ ይጠፋል አለኝ።