2ቢ እርሳስ ለመስመር ልምምድ

መስመር መሳል ለሚጀምር ሰው ከኤችቢ (መካከለኛ ጥንካሬ ካለው እርሳስ) ይልቅ 2ቢ (ለስለስ ያለ) እርሳስን እንመርጣለን። ግራፋይቱ ስለሚበዛ ሳይጫኑት ይጠቁራል። በኤችቢ ግን ጀማሪው መስመሩን ለማድመቅ ይጫናል፤ ወረቀቱ ይሰረጎዳል፣ ላጲስም ስርጉዱን አያጠፋውም።

ጉድለቱ ጫፉ ቶሎ መዶልዶሙ ነው። በየጥቂት መስመሩ እርሳሱን በጣት መሀል ማዞር ያቆየዋል፤ መቅረጫ ግን ከአጠገብ አይራቅ። መስመሩም መዳፍ ሲነካው ስለሚደበዝዝ ከመዳፍ ስር ቁራጭ ወረቀት ማድረግ ይበጃል።

ለመሞከር፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም በሚመዝን ኤ4 ወረቀት ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ነጥብ ያስቀምጡ። እርሳሱን ወረቀቱን ሳያስነኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱ፤ ከዚያ ዓይንዎን መድረሻው ነጥብ ላይ ተክለው በአንድ ጊዜ ያስምሩ። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የእርሳሱ አይደለም፤ እጅዎ በዝግታ ሄዷል ወይም ከእጅ አንጓ ብቻ እየሳሉ ነው። ክንድዎ ከትከሻ ይንቀሳቀስ። በጠመመ መስመር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደርቡ፤ አዲስ ይጀምሩ።