የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በደሴ፦ ራስጌው ከፍ ያለ አልጋ ስላለው ጥቅም

ታናሽ ወንድሜ ሐረጎ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ የታችኛው መንጋጋው ተሰብሮ በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አስተያየቴ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም የታካሚው አተኛኘት በደም መፍሰስ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው።

አባታችን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ደም የሚሰጥ ስንት ሰው ይዘው መምጣት እንዳለባቸው ነበር። የሰመመን ባለሙያው «አባባ፣ የተዘጋጀ ደም አለ፤ እኛ ግን የምንጥረው መጀመሪያውኑ ብዙ እንዳይፈስ ነው» ብሎ አረጋጋቸውና አሠራሩን በትዕግሥት አስረዳን። በዚህ ሕክምና ጊዜ አልጋው በሙሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል ተደርጎ ራስጌው ከፍ፣ ግርጌው ዝቅ ይላል። ቁስሉ ከልብ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በቦታው ያለው የደም ግፊት በ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ስለሚቀንስና ደም መልሶችም ወደ ልብ በቀላሉ ስለሚያራግፉ፣ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል፤ ሐኪሙም ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠውን፣ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ለመጠበቅ አጥርቶ ያያል። ሆኖም አንገት ከመጠን በላይ ከተጠመዘዘ ወይም ከታጠፈ ትልቁ የአንገት ደም መልስ ስለሚጫን ጥቅሙ ይጠፋል።

ራስጌን ከፍ ማድረግ የራሱ አደጋ እንዳለው አለመደበቁን ወድጄለታለሁ። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ደህና ቢመስልም ከልብ በላይ ከፍ ያለው አንጎል የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን እንዳሻው ማውረድ አይቻልም። ከልብ በላይ በተከፈተ ደም መልስ አየር የመግባት ዕድልም፣ እምብዛም ባያጋጥም፣ አለ። በቁስሉ ዙሪያ ከአድሬናሊን ጋር የሚወጋው ማደንዘዣም ሥሮቹን በማጥበብ ያግዛል። ወንድሜ ደም መውሰድ ሳያስፈልገው ወጣ።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ተኝተው ለሚታከሙ በተዘጋጀው ክፍል የተሰጠን አልጋ የራስጌ ማንሻው እጀታ ባዶውን ይዞር ነበር። ታካሚው ከሰመመን ሲነቃም እብጠቱና ደሙ እንዲቀንስ ራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ከፍ እንዲል በካርዱ ላይ ታዟል፤ እኛ ግን ያገኘነው ጋቢ አጥፎ ከትራሶች ሥር መደርደር ብቻ ሆነ። ይህም ጀርባውን ሳይሆን አንገቱን ብቻ ወደ ደረቱ አጠፈው፤ ባለሙያው እንዳይሆን ያስጠነቀቀን ይኸው ነበር። ተረኛዋ ሲስተር ሁኔታውን አይታ ከሌላ ክፍል ደህና አልጋ እስክታስመጣ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግርጌ ሲንሸራተት ስንስበው አደርን።

ለቀዶ ሕክምናው ቡድን ያለኝ አድናቆት ሙሉ ነው፤ በመኝታ ክፍሉ ላይ ግን ይህን ማለት አልችልም። ወደዚያ የምትሄዱ አስታማሚዎች፣ ታካሚያችሁ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጣ የአልጋውን እጀታ አዙራችሁ ሞክሩት፤ ካልሠራም ያኔውኑ እንዲቀየር ጠይቁ።