ለደከመ ጉበት፦ ስቴም ሴል ወይስ ንቅለ ተከላ?

«ስቴም ሴል የሚሠራ ቦታ ታውቃለህ?» የሚል ስልክ በዚህ ወር ብቻ አራተኛዬ ነው። የአጎቴን ነገር የሰማ ሁሉ ይደውላል። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው፤ የደከመ ጉበት ያድሳል ተብሎ ነው የሚፈለገው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ጋሼ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሞልቶት የሚደነድንበት በሽታ) የያዘው ከሄፓታይተስ ቢ፣ ከጉበት ቫይረስ ነው። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ቀበቶው አልበቃ ሲለው ውጭ አገር ላለ ክሊኒክ 9,500 ዶላር ከፈልን። ደላላው፣ ካዛንቺስ ሳትፈርስ፣ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣ ነው ያዋዋለን። የሁለት ሰው ቲኬትና ሆቴል ከሒሳቡ ውጪ ናቸው። ከራሱ መቅኔ ሴል ወስደው በደም ሥሩ መለሱለት። በስድስተኛው ሳምንት ውሃው ተመልሶ ሞላ። ብንደውል «ሌላ ዙር ያስፈልገዋል፣ 3,000 ዶላር» አሉን።

ስቴም ሴል እንግሊዝ ውስጥ በ81 የሲሮሲስ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሴል የተሰጣቸው ሰዎች ጉበት ካልተሰጣቸው አልተሻለም፤ ከባድ የጤና ችግር የበዛውም በእነሱ ላይ ነበር። እኛ ያነበብነው ከከፈልን በኋላ ነው፣ ምን ዋጋ አለው!

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ስቴም ሴል» ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ነው። አክስቴ 30 ከረጢት በ18 ሺህ ብር ገዛች። አንዱን ቀድጄ አሸተትኩት፤ የፖም ጁስ ነው የሚሸተው። ሕያው ሴል መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ቢቀመጥም ጨጓራ ይፈጨዋል።

ንቅለ ተከላው ውድ ነው፣ አልዋሽም። ለእኛ ህንድ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ተባልን። ለጋሹ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት፤ ዝምድናውን ኤምባሲ በደብዳቤ ያረጋግጣል። ለጋሹ የሚሰጠው የጉበቱን ክፍል ነው፤ የቀረው በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ተቀባዩ ግን ሰውነቱ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚያደርገውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይውጣል። ቢሆንም የታመመውን ጉበት የሚቀይረው ንቅለ ተከላው ብቻ ነው።

እስከዚያው እዚሁ መታከም ነው። ጋሼ ቫይረሱን የሚያፍነውን ቴኖፎቪር ይወስዳል፣ ወጡ ጨው የለውም፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ያበጡት ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) በላስቲክ ታስረዋል። ባለፈው 6 ሊትር ውሃ ተቀዳለት። ያኔ ኪስ የሚያራግፈው አልቡሚኑ፣ ውሃው ሲቀዳ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮቲን ነው፤ ብልቃጡን ፍለጋ ጥቁር አንበሳ ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳርሰናል።

የልጁ የደም ዓይነት ገጥሟል። አሁን ለህንዱ የጎደለን 11 ሺህ ዶላር ነው።