ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመው የኪስ ዳዊት፦ ለማን ይሆናል?

በንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች በብዛት ከሚገኙት የዳዊት ዓይነቶች አንዱ ግዕዙንና አማርኛውን በሁለት ዓምድ የያዘው የኪስ እትም ነው። 151ዱን መዝሙራት፣ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን በአንድ ጥራዝ ያገኙበታል። ለጀማሪ ያለ ማመንታት እንመክረዋለን። ግዕዙን ለለመደ ሰው ግን ባለ አንድ ዓምዱ ትልቁ ዳዊት ይሻለዋል።

ምክንያቱ የስንኙ አሰባበር ነው። በብራናው ዳዊት አንድ ስንኝ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ገጹ በሁለት ዓምድ የሚከፈለው ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርስ ነው። ዓይን የመስመሩን ጫፍ አይቶ ያርፋል፣ ትንፋሽ እዚያው ይወሰዳል፣ ልብም የተባለውን ያስተውላል። በኪስ እትሙ ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ስንኙ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆረጣል፤ አንባቢውም ሐሳቡ ሳያልቅ ይቆማል። የግዕዙን የንባብ ስልት፣ ማለትም ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን (ተነሽና ወዳቂ)፣ ፊደል የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን (ጥብቅና ላላ)፣ የሚለይ ምልክትም የለውም። ስለዚህ ጀማሪው በአማርኛው ዓምድ ይጸልይ፤ ግዕዙን ከየኔታ ወይም ከተቀዳ ንባብ ጋር እያስተያየ በትንሽ በትንሹ ይልመደው።

ሲገዙ መጀመሪያ የዕለታቱ ርእስ መኖሩን ይመልከቱ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ መጨረሻው ይደገማል፤ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ የእሑድ ናቸው። ርእሱ ከሌለ በየዕለቱ መጀመሪያ ላይ ባለ ቀለም ክር ያድርጉበት። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ቢሆንም 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ስላለው ቀላል አይደለም። ሥራ የሚበዛበት ሰው በቀን አንድ ንጉሥ ይዞ ቢጀምር ይዘልቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ልወጣ ያለ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ያቋርጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። የግዕዙ 9ኛ መዝሙር በዕብራይስጡ 9 እና 10 የተባሉትን አንድ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የግዕዙ ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል፣ ከ148 ጀምሮ እንደገና ይገጥማሉ። «መዝሙር 91ን አንብብ» የተባለ ሰው በዚህ እትም «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»ን የሚያገኘው 90 ላይ ነው። 23 የሚባለው የእረኛው መዝሙር 22፣ የንስሐው 51 ደግሞ 50 ነው።

መጽናናት ለሚፈልግ በግዕዙ ቁጥር 41ንና 42ን አያይዞ ማንበብ ይጠቅማል፦ ነፍስን ለምን ታዝኛለሽ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ መልሱም በእግዚአብሔር ታመኚ ነው። ኀዘኑ ከብዶ ምስጋና ከአፉ አልወጣ ላለው 87 አለለት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ እግዚአብሔርም ይህን ጩኸት ከጸሎት ቆጥሮታል። መንገዱ ለጠፋበት 24 እና 142 ናቸው። 118ም በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት ተከፍሎ በየክፍሉ ስምንት ቁጥር ስለያዘ በቀን አንድ ክፍል ማስተዋል ይቻላል። ዓይን ጨፍኖ ገልጦ የወጣውን ስንኝ ለጥያቄ መልስ ማድረግን ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ 108 ላይ የወደቀ ሰው እርግማን ተሸክሞ ይነሣል። ምሪት የሚገኘው መዝሙሩን በሙሉ ጸልዮ፣ የንስሐ አባትን ጠይቆ ነው።

ጥራዙን ሳያዩ አይክፈሉ። መሀሉን ገልጠው ጀርባውን ይመልከቱ፦ በክር የተሰፋው ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘው ይንቋቋል። ዳዊት በየቀኑ ስለሚገለጥ ማጣበቂያው ቶሎ ይለቃል፤ ቅጠሉም ይረግፋል። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ንጋት ላይ በጧፍ ብርሃን የሚጸልዩ አረጋውያን ይቸገራሉ፤ ለእናትና ለአባት የሚገዛ ሰው ትልቁን ይውሰድ። ለመንገደኛ ግን ይህኛው ከነማኅደሩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።