ከመኪናው በፊት ማሳደሪያው፦ ዩዋን ፕላስ የኤሌክትሪክ መኪናን ለወራት ከነዳሁ በኋላ

የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው ሳይሆን መኪናው የት እንደሚያድር ነው። የራሱ ግቢ ካለው ወሬው ይቀጥላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖረ መኪናውን ከታች በጋራ ማቆሚያ የሚያሳድር ከሆነ ግን፣ ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ስክሪን ስፋት ከማውራታችን በፊት ሌሊት የሚሞላበትን ሶኬት በተመለከተ ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር መጨረስ ያለበት ጉዳይ አለ።

ለብዙዎቻችን ጥያቄው ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ የሚል አልነበረም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ አዲስ የቤት መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። የቀረው ጥያቄ የትኛው የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመኪናው ዋጋ አብሮ ዘለለ፤ ስለዚህ የኔን የግዢ ዋጋ እዚህ ብጽፍ ለማንም አይጠቅምም። ለምርጫ ያቀረብኳቸው ሦስት ነበሩ፦ ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ ሰባት ሰው የሚጭነው አይዲ 6 እና ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ። አይዲ 6 ሰፊና ምቹ ነው፤ የኛ ሰፈር ቅያስ ግን ሁለት መኪና በግድ የሚተላለፍበት ነው፣ ቤተሰቤም አራት ሰው ነው። ዩዋን ፕላስ 4 ሜትር ከ45 ገደማ ርዝመት ስላለው የሚበቃኝ እሱ ሆነ።

የኔው ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነው። ሞተሩ 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 204 የፈረስ ጉልበት ሲሆን የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል ወረቀቱ። ይህንን ቁጥር እርሱት። የአውሮፓው መለኪያ ለዚሁ ባትሪ የሚሰጠው 420 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ከተማ ውስጥ ስነዳ የማገኘው ወደዚሁ ይጠጋል። በፈጣን መንገድ ከ100 በላይ ከረገጡት ግን ወደ 330 ይወርዳል። ሻጭ 510 ሲላችሁ አንድ ሦስተኛውን ቀንሳችሁ አስቡ፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ሁሉ ትርፍ ነው።

ማንም ሻጭ ያልነገረኝ አንድ መልካም ነገር የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ አሮጌ ቪትዝ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ለምን እንደምታቃስት ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ ሜዳ ላይ እንዳለ ያህል ነው፣ ድምፁም አይለወጥም። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተቀይሮ ለባትሪው ይመልሳል፤ እግሬን ከፍሬኑ ላይ እምብዛም ስለማላሳርፍ የፍሬን ሸራው እስካሁን አዲስ ይመስላል። ልብ በሉ ግን፦ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከሆነ የተመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ ስለሌለው መኪናው ቁልቁለት ላይ ራሱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እንጦጦ አናት ላይ ቤት ያለው ሰው ጠዋት ሲወጣ ይህ ይገጥመዋል፤ ጉዳት የለውም፣ እግር ወደ ፍሬን ቅርብ ይሁን።

አሁን ወደ ማሳደሪያው ልመለስ። መኪናው በመጣበት ቀን አብሮት የተሰጠኝን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ጋራዡ ውስጥ ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ቀይ መብራት በራ፣ አልሞላም አለ። ሌላ ሶኬት፣ ያው። ሻጩ ጋ ስደውል «መብራቱ ደካማ ይሆናል» አለኝና ስልኩን ዘጋው። በማግስቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ቴስተራቸውን ሶኬቱ ውስጥ ከተው ገና ሳያወጡት «ልጄ፣ ይህ ቤት ኧርዝ የለውም» አሉኝ። ኧርዝ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ማንም አይጠይቅም። ቻርጀሩ ግን ኧርዝ ከሌለ መኪናውን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይመታ ራሱን ይዘጋል። አባባ ከአጥሩ ጥግ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው የመዳብ ዘንግ ቀበሩ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት፣ ውኃ አፈሰሱበት፣ ከዚያ ወፍራም ሽቦ እስከ ቆጣሪው ሳጥን ዘረጉ። አመሻሹ ላይ አረንጓዴው መብራት በራ። አንዳንድ ሰው ቻርጀሩን የሚያታልል ማለፊያ ያሠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህን የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ተንቀሳቃሹ ቻርጀር በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ከባዶ እስከ ሙሉ ቢሞላ ከአንድ ቀን ከሌሊት በላይ ይፈጃል ማለት ነው፤ ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ። ከተማ ውስጥ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው የአራት ሰዓት ያህል መሙላት ነው፤ ተኝቶ ያገኘዋል። 7 ኪሎዋት የሚሰጠውን የግድግዳ ቻርጀር ለማስገጠም አስቤ የተውኩት በእንጀራ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 4 ኪሎዋት ሊጠጋ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ሲገናኙ ብሬከሩ ወድቆ መብራቱ ይጠፋል። በተንቀሳቃሹም ቢሆን ቤታችን ሕግ አውጥቷል፦ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪና አይሞላም። ሕጉን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፣ ይግባኝ የለውም።

መብራት ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በመሙያው ቀዳዳ በሚሰካ ማስተላለፊያ መኪናው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ፍሪጁን፣ ዋይፋዩን፣ ጥቂት አምፖሎችንና የቡና ማፍያ ምድጃውን ያለ ችግር ችሏል፤ ጎረቤት ስልኩን ሊሞላ ይመጣል። ምጣዱን ግን አይችለውም፣ ሞክረነዋል።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ የተጋነነ ወሬ ስለሚወራ ሒሳቡን እንዲህ እሠራዋለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ፣ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 17 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል እንበል። የቤት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ በእርከን የሚከፈልም ስለሆነ መኪናው ራሱ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋችኋል። ስለዚህ አስወድደን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ብለን እንቁጠረው፦ 170 ብር። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና ግን፣ ሊትሩ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ስለተሻገረ፣ ከ800 ብር በላይ ይጠይቃል። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የማደያ ሰልፍ ላይ አለመቆሜን በብር ልለካው አልችልም፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

የቆጠብኩትን ገንዘብ ጎማ መልሶ ይወስደዋል። መኪናው 1,750 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሲነሣም ድንገት ስለሚጎትት ጎማ ይጨርሳል። ስኮርት ጎማ ደግሞ የለውም፤ በምትኩ የተሰጠው ትንሽ የአየር መሙያና ማጣበቂያ ፈሳሽ ነው። ሚስማር ቢወጋው ይሠራል። የተሰበረ የኮብልስቶን ጠርዝ የጎማውን ጎን ሲቀድ ግን ፈሳሹ በቀዳዳው ይፈስሳል እንጂ ምንም አይሠራም፤ ገጥሞኝ አይቻለሁ። የመጣው ጎሚስታ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንደ ልማዱ ክሪኩን ከመኪናው ሆድ ሥር ሊያስገባ ሲል ጮኬ አስቆምኩት። እዚያ ያለው ባትሪው ነው። ክሪክ የሚያርፍበት ቦታ በጎን ከበሩ ሥር ያለው ምልክት የተደረገበት ጠርዝ ብቻ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ሆዱን አየና «ታዲያ ሞተሩ የት አለ?» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ከሜርካቶ ስኮርት ጎማ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ጨመርኩ፤ ቦታ ይይዛል፣ ይያዝ።

ውስጡን ቶሎ ልጨርሰው። ወንበሩ ጥሩ ነው። ለቻይና ገዢ የተሠራ መኪና ስለሆነ በድምፅ የሚታዘዘው ረዳት ቻይንኛ ብቻ ያውቃል፤ ምናሌውን ወደ እንግሊዝኛ ቢቀይሩልኝም አንዳንድ ማስጠንቀቂያ አሁንም በቻይንኛ ይመጣል፣ ፎቶ አንሥቼ በስልክ አስተረጉማለሁ። የበሩ ኪስ ላይ እንደ ክራር የተወጠሩ ክሮች አሉ፣ ሲነኳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ልጄ ከቦሌ እስከ ሳሪስ ስትመታቸው ከቆየች በኋላ ይህን ሐሳብ ያመጣው መሐንዲስ ልጆች አሉት ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ።

ከከተማ ስትወጡ ግን ጨዋታው ይለወጣል። አዳማ ደርሶ መመለስ ምንም አይደለም፤ መመለሻው ከ600 ሜትር በላይ ዳገት ስለሆነ ከመሄጃው የበለጠ ይበላል፣ ያም ቢሆን ብዙ ይተርፋል። የኔ ችግር የጅማ መንገድ ነው፤ ቤተሰቦቼ እዚያ ናቸው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ የሚመልሰው ዳገቱ ከሚወስደው ያነሰ ስለሆነ በአንድ ሙሌት ለመድረስ መድፈር አልፈልግም። ስለዚህ ወልቂጤ ላይ ሆቴል ገብቼ፣ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ፣ ሽቦ አስዘርግቼ እሰካለሁ። ክትፎ ተበልቶ፣ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ሰዓት ቢያልፍ የሚገኘው ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ደስ የሚል ምሳ ነው፤ የጉዞ ዕቅድ ግን አይደለም። በመንገዱ ላይ የምትተማመኑበት ፈጣን ቻርጀር ከሌለ፣ ወይ እዚያው ማደር ወይ ሌላ መኪና መያዝ ነው።

ፒክአፕስ? አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ገዝቶ ይዞልኝ ሊመጣ አስቦ ነበር። ግሩም መኪና ነው። ትልቁ ባትሪው 131 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በኔ ሶኬት ለመሙላት ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ይፈልጋል። ከባድ ተጎታች ሲያስሩበት የሚሄደው ርቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ የመሙያው ቀዳዳ የአሜሪካ ነው፤ እዚህ በአመዛኙ የሚገኘው ከቻይና መኪኖች ጋር የመጣው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች መኪና ልታመጡ ያሰባችሁም ይህንኑ አስቀድማችሁ እዩ፤ ከዚያ የሚመጡት ብዙዎቹ የአውሮፓውን ሲሲኤስ 2 ይዘው ነው የሚመጡት። አስተላላፊ መሣሪያ ይገኛል፣ ግን በፈጣን ቻርጀር ከፍተኛ ኃይል የሚያሳልፍ ዕቃ ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት አትመኑት። ለእህል ነጋዴ፣ ለኮንትራክተር ወይም ፒስታ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ዛሬ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ግዙ ብዬ አልመክርም።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ሆዱን አስነሥታችሁ እዩ። የባትሪው ሽፋን በጥልቅ የተቧጨረ ወይም የተጎረበጠ ከሆነ ዋጋ አትነጋገሩ፣ ውጡ። ከዚያ ከ20 በመቶ በታች አድርሳችሁ በፈጣን ቻርጀር ሙሉትና ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ አንብቡ። ከ20 እስከ 100 ድረስ ባለ 60ው ባትሪ ወደ 48 መውሰድ አለበት፤ በጣም ያነሰ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

እኔ መኪናውን አልሸጠውም። ግቢ ውስጥ የቆመውን አሮጌ ናፍጣ ደብል ጋቢናም አልሸጥኩትም፤ ለበዓል ወደ ጅማ የምንሄደው አሁንም በሱ ነው።