ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የስፕሪንግቴይልና የአይሶፖድ ጥቅል፦ ግምገማ

ስፕሪንግቴይልና አይሶፖድ ሰብስቦ ማርባት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ብዙ ወዳጅ ያፈራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ስፕሪንግቴይል ለነፍሳት የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ነገር ግን በራሱ መደብ የሚቆጠር ባለ 6 እግር ጥቃቅን እንስሳ ነው፤ አይሶፖድ ደግሞ በድንጋይና በአበባ ማሰሮ ሥር የሚገኘው፣ ከነፍሳት ይልቅ ለሸርጣንና ለሽሪምፕ የሚቀርበው ባለ 14 እግር ፍጥረት ነው። ሁለቱም ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል እየበሉ አፈርን የሚያድሱ ስለሆኑ፣ እንቁራሪትና ተሳቢ እንስሳት የሚያረቡ ሰዎች በመስታወት ሳጥኖቻቸው ውስጥ ለጽዳት ይጨምሯቸዋል፤ እኔን የመሰሉ ግን ለፍጥረታቱ ለራሳቸው ሲሉ ያረቧቸዋል። እዚህ የምገመግመው፣ በምኖርበት በሜሪላንድ ሆኜ በፖስታ ከሚልክ አንድ አነስተኛ አርቢ ያዘዝኩትን፣ ሁለቱን አብሮ የያዘ የጀማሪዎች ጥቅል ነው።

ጥቅሉ ከነመላኪያው 60 ዶላር ያስወጣል። በውስጡ ከሰል ላይ የሚኖሩ ስፕሪንግቴይሎች፣ «ፓውደር ኦሬንጅ» የሚባሉ 12 አይሶፖዶች፣ 6 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን፣ አፈር፣ የደረቀ የኦክ ቅጠል፣ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ዕፅ)፣ ካልሲየም የሚሰጥ የኩትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት፣ አንድ ከረጢት «ልዩ ምግብ» እና ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ይገኛሉ። አስተሻሸጉን ሳላመሰግን አላልፍም። አይሶፖዶቹ በመንገድ እንዳይንገላቱ በረጠበ ሞስና በቅጠል መካከል ተደላድለው ነበር፤ ወቅቱም ብርድ ስለነበረ ሙቀት የሚሰጠው ከረጢት እንስሳቱን እንዳያቃጥል ከዕቃቸው አርቀው በካርቶኑ ክዳን ላይ ለጥፈውታል። የተከፈለበት 12 ሆኖ ሳለ የደረሱኝ 15 ሲሆኑ፣ አንድም የሞተ አልነበረም።

ያለ ማመንታት ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለስፕሪንግቴይሎቹ ነው። ዝርያው ፎልሶሚያ ካንዲዳ ይባላል፤ ነጭ፣ ዓይን የሌለውና ርዝመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። በሰውነቱ ውስጥ በሚኖር ወልባኪያ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ያለ ወንድ ስለሚዋለድ፣ ከጥቂቶች ተነሥቶ ዕቃውን ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። በቀላሉ በመርባቱም የአፈር ብክለት በሚመረመርባቸው ቤተ ሙከራዎች የታወቀ ነው፤ አይ.ኤስ.ኦ 11267 የተባለው ዓለም አቀፍ የመመርመሪያ መስፈርት የተዘጋጀው በዚሁ ዝርያ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ጥቂት ውኃ ሳፈስስ፣ በከሰሉ ስንጥቆች ውስጥ የነበሩት ሁሉ እንደ ተነሰነሰ ዱቄት ውኃው ላይ ተንሳፈፉ፤ ቆዳቸው ውኃ አያስገባምና። በማጉያ መነጽር ስትታይ ከእያንዳንዱ ሆድ ሥር የታጠፈች፣ ጫፏ ለሁለት የተከፈለ ጅራት አለች፤ እንስሳውን በብሩሽ ጫፍ ሲነኩት ጅራቷ ከመያዣዋ ተፈትልካ ወለሉን ትመታና ባለቤቷ ከዓይን ይሰወራል። ወደ ሌላ ዕቃ ለማዛወርም ውኃውን ከነተንሳፋፊዎቹ ማንቆርቆር ይበቃል። ተጨማሪ ከሰል ሲያስፈልግ ለቡና የምናቀጣጥለው ንጹሕ የእንጨት ከሰል ይሆናል፤ ቶሎ እንዲያያዝ በኬሚካል የተነከረውን ግን ማስጠጋት አይገባም። በስኮትላንድ፣ ራይኒ በተባለች ስፍራ፣ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ግድም ዕድሜ ባለው ድንጋይ ውስጥ የስፕሪንግቴይል ቅሪት ተገኝቷል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ዕቃውን በከፈተ ቁጥር በአክብሮት ነው የሚመለከተው።

አይሶፖዶቹም ጤነኞች ነበሩ፤ ቅሬታዬ በሳጥናቸው ላይ ነው። ፓውደር ኦሬንጅ ፖርሴሊዮኒደስ ፕሩይኖሰስ የተባለው ዝርያ ብርቱካናማ መልክ ሲሆን፣ ገላው ላይ ስስ ብናኝ ያረፈበት ይመስላል፤ ሲነኩት ከመጠቅለል ይልቅ በፍጥነት ይሮጣል፣ ቶሎም ይዋለዳል። አይሶፖድ የሚተነፍሰው ከሆዱ ሥር በስተኋላ በሚገኙ ስስ የመተንፈሻ አካላት ነው፤ እነርሱ ከደረቁ ይታፈናል። ይህ ማለት ግን ሳጥኑ በሙሉ ይረስርስ ማለት አይደለም። ከሳጥኑ ሲሶው በረጠበ ሞስ ተሸፍኖ ቀሪው ደረቅ ሲሆን፣ እንስሳው የሚስማማውን ቦታ ራሱ ይመርጣል። የመጣልኝ ሳጥን ቀዳዳ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነበር፤ መመሪያውም «አፈሩ ዘወትር እርጥብ ይሁን» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ይህን ቃል በቃል የፈጸመ ጀማሪ፣ ግድግዳው በላብ የተሸፈነና አየሩ የታፈነ ቤት አዘጋጅቶ እንስሳቱን ያጣል። ትይዩ በሆኑት ሁለት ጎኖች ላይ ቀዳዳ በስቼ ስስ ወንፊት ከለጠፍኩ በኋላ ላቡ ጠፋ። ይህን ሥራ አርቢው ራሱ ሠርቶ ሊልከው ይገባ ነበር።

አያያዙ ከተስተካከለ የሚታየው ነገር ብዙ ነው። አንዲትን ሴት ጠርሙስ ውስጥ አስገብቼ ከሥር ሳያት፣ ከእግሮቿ መካከል ባለው ክሬም መልክ ያለው ከረጢት ውስጥ ልጆቿ ሲንቀሳቀሱ ይታዩ ነበር። ልጆቹ ከከረጢቱ የሚወጡት በ6 ጥንድ እግር ሲሆን፣ ሰባተኛውን ጥንድ የሚያገኙት ካደጉ በኋላ ነው። ቅርፊታቸውንም በአንድ ጊዜ አይጥሉም፤ የኋላውን ግማሽ አስቀድመው፣ የፊተኛውን ቆየት ብለው ይለውጣሉ፤ ካልሲየሙን መልሰው ለማግኘትም የጣሉትን ይበላሉ። ስለዚህ የኩትልፊሽ አጥንቱ በጥቅሉ ውስጥ መካተቱ ተገቢ ነው፤ ሲያልቅ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይተካዋል።

«ልዩ ምግብ» የተባለው ከረጢት ግን ዋጋውን ከማናር ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። ለስፕሪንግቴይሎቹ ጥቂት ደረቅ እርሾ ወይም ጥቂት ፍሬ ሩዝ በቂ ነው። የአይሶፖድ ዋና ቀለቡ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ዛፍ የደረቀ ቅጠል ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የደረቀ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ መኖ ቁንጥር ይጨመርለታል።

ይኸው ሻጭ ከጥቅሉ ጎን ለጎን «ራበር ዳኪ» የተባለውን፣ ኩባሪስ ከሚባለው ወገን የሆነ የታይላንድ አይሶፖድም እጅግ በበዛ ዋጋ ያቀርባል። ፊቱ በእርግጥ ያምራል፤ ነገር ግን ከኖራ ድንጋይ ዋሻ የመጣ፣ አዝጋሚ በሆነ ሁኔታ የሚዋለድና የእርጥበት ስሕተት የማይችል በመሆኑ ለመጀመሪያ ግዢ አልመክረውም። ሌላም መጠንቀቂያ አለ፦ ብረት የመሰለ አንጸባራቂ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አይሶፖድ እንደ ብርቅ ቀለም ሲቀርብልዎ አይቀበሉ፤ ይህ መልክ ብዙውን ጊዜ እንስሳውን የሚገድል፣ መድኃኒትም የሌለው ኢሪዶቫይረስ የሚያመጣው ነው።

ለእንስሳቱና ለአስተሻሸጉ 5 ከ5፣ ለሳጥኑና ለመመሪያው 2 ከ5 እሰጣለሁ። ሳጥን ያለው ሰው ስፕሪንግቴይሎቹንና አይሶፖዶቹን ለየብቻ ቢያዝ ይሻለዋል፤ ሁለቱ ለብቻቸው ከነመላኪያው 35 ዶላር ናቸው። ሙሉውን ጥቅል የሚፈልግ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሳጥኑ በሁለት ጎኑ የአየር መግቢያ ተበጅቶለት እንዲላክለት ለሻጩ ይጻፍ።