ለመኪና ውድድር ጌም ቴሌቪዥን ወይስ ሞኒተር?

ጎንደር ፒያሳ ጌም የሚወዱ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «አሴቶ ኮርሳን በቴሌቪዥን ልጫወት ወይስ ሞኒተር ልግዛ?»

ዋጋ፦ ቴሌቪዥኑ ቤት አለ። ሞኒተር ተጨማሪ ወጪ ነው።

ፍጥነት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ቴሌቪዥን ምስሉን በ16.7 ሚሊሰከንድ ይቀይራል፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር በ7 ገደማ። ሞንዛ (የጣሊያን የውድድር መንገድ) ላይ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ፣ በቴሌቪዥን ስጫወት ፍሬን ሁሌ ይዘገይብኝና ከመንገዱ እወጣ ነበር። «ጌም ሞድ» (የምስል ማሳመሪያውን ቀንሶ መዘግየቱን የሚያሳጥር የቴሌቪዥን ማስተካከያ) ሳበራ በጣም ተሻለኝ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ! ደግሞ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ካላወጣ ሞኒተሩ ብቻውን ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ወደ 144 ሲጠጋ ነው።

መብራት፦ ሄድ መጣ ሲል ሁለቱም ስታቢላይዘር ይፈልጋሉ።

ከወንድም ጋር ሶፋ ላይ ኳስ ለመጫወት ቴሌቪዥን ይመቻል። መሪ ጠረጴዛ ላይ አስሮ ሰከንድ ለሚቆጥር ግን ሞኒተር።